ያለ ሬሳ የተነፋ ጥሩምባ

በእኛ እድር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። ለስብሰባ አይነፋም፤ ለሠርግ አይነፋም፤ ሌባ ቢያዝ እንኳ አይነፋም። ከለፋፊው ከአለሙ በቀር የሚነካው የለም፤ ሴት ነፍታው ደግሞ ታይቶም ተሰምቶም አያውቅ። እኔ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከእድሩ ዕቃ ቤት አውጥቼ ነፋሁት። የሞተ ሰው አልነበረም። ያ ቅዳሜና ከእሱ በኋላ የመጡት ቀናት ያሳዩኝን ነው የማጫውታችሁ፤ እኔ እስከ ዛሬ ተገርሜ አልጨረስሁም።

ስንዱ እባላለሁ። የተወለድሁት ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ባለ ገጠር ነው። ጎንደር የገባሁት ልጅ አዝዬ ነበር፤ አሁን ለአቅመ ሔዋን የደረሰች የልጅ ልጅ አለችኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አያልፍም፤ ማንበብና መጻፍ ግን አያቅተኝም። ገበያ ላይ የሰው ሽንኩርት በሚዛን ሲጎድል ካየሁ፣ ገዢው ዝም ቢል እንኳ እኔ ዝም አልልም። ሰፈሩ ሲያመሰግነኝም ሲያማኝም በዚሁ ነው።

ደግሞም ተከራይ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የራሴ የምለው ጣሪያ ኖሮኝ አያውቅም። ያኔ የምኖረው ከቀሐ ወንዝ ከፍ ብሎ ባለ ሰፈር፣ አያ ሞላ በሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ነበር። እሳቸው የሚኖሩበት ቤት ወደ ጓሮ ነው። በመንገዱ በኩል ሦስት ክፍሎች በአንድ ረድፍ ሠርተው ያከራያሉ። አንደኛው የኑሩ ልብስ ስፌት ነው። መካከለኛው የእኔና የልጅ ልጄ የማስተዋል መኖሪያ። መጨረሻውን እድራችን ተከራይቶ ዕቃ ቤት አድርጎታል፤ ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱ፣ ሳህኑ፣ ጥሩምባውም እዚያ ነው የሚቀመጥ። እየጠረግሁ የምጠብቀው እኔ ስለሆንሁ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው።

ሦስቱን ክፍል የሚለያቸው የጭቃ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ግን ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ ከላይ አንድ ኮርኒስ ነው የሚጋሩት፣ የማዳበሪያ ጆንያ ተሰፍቶ የተወጠረ። እንዲህ ባለ ቤት የኖራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምትሉት ከአልጋችሁ ሳትነሡ ነው።

ማስተዋልን ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እናቷ በሕፃንነቷ ትታልኝ ሞተች። ትምህርቷን ስትጨርስ ሰው ቤት ተቀጥራ ፀጉር ትሠራ ጀመር። ከዚያችው ደመወዝ እየቆጠበች የራሷን ዕቃ አንድ በአንድ ገዛች፤ ፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ የሚሽከረከር ወንበር፣ ትልቅ መስታወት። ከፋሲካ በኋላ ሱቅ ልትከራይ ነበር። እስከዚያው ዕቃው እኛ ክፍል ውስጥ አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል። ማታ ማታ አንሶላውን ገለጥ አድርጋ ታየዋለች፤ አይታ ትሸፍነዋለች፤ እንቅልፏ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ኑሩም አንድ ነገር ልንገራችሁ። ለስፌት ማኪናዎቹ ኢንሹራንስ መግባቱን የተናገረ ዕለት ግቢው ሁሉ ሳቀበት።

«ምነው ኑሩ፣ በገዛ ቤትህ ታሟርታለህ?» አሉት አያ ሞላ።

«ቤቱማ የአንቱ ነው፣ አያ ሞላ። የኔ ማኪናዎቹ ናቸው።»

«ካልተቃጠለ የከፈልኸው ይመለስልሃል?»

«አይመለስም።»

«እንግዲያ ለሰይጣን ነው የምትገብር!»

«ሼኹን ጠይቄ ነው የገባሁ፤ ሰይጣን የለበትም ብለውኛል» አለና ኑሩ አብሮ ሳቀ። እኔም ነገሩ አልገባኝም ነበር፤ የሀብታም ጨዋታ መሰለኝ።

ያን ቅዳሜ መብራት ከዋዜማው ጀምሮ ጠፍቷል። ማስተዋል ሥራ ሄዳለች። ኑሩ ክርና ዚፕ ሊገዛ ገበያ ወርዷል። አያ ሞላም የሉም፤ የሰፈሩ እኩሌታ ገበያ ነው። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ደረቅ የበጋ ንፋስ ቆርቆሮውን ያንኳኳል።

ድንገት መብራት መጣ። ያወቅሁት የማዶው ሬዲዮ በራሱ መጮህ ሲጀምር ነው። አመጣጡ የጤና አልነበረም፤ የደጃፋችን አምፖል ቦግ ብላ ነጣችና ድርግም አለች። ወዲያው ከኑሩ ክፍል በላይ፣ ኮርኒሱ ውስጥ፣ የሚቆላ ተልባ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ጠ… ጠ… ጠጠጠ። ቀና ስል በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ጭስ እንደ ክር እየተጎተተ ይወጣል።

«እሳት! ኧረ የሰው ያለህ! እሳት!»

ማንም አልመጣም። ከተማ ኡኡታ ለምዷል፤ ባልና ሚስት ተጣሉ ይልና ዝም ይላል። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት «እማማ ስንዱ ዛሬ ደግሞ ከማን ጋር ናቸው?» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ዕድሜ ልክ ለሰው ሚዛን ስጮህ ኖሬ፣ ለራሴ ስጮህ ሰው ጠብ መሰለው።

በሬን በርግጄ ገባሁ። ኮርኒሱ እየቀለጠ እሳት ያንጠባጥባል፤ ጠብታው ሲወርድ ያፏጫል። አንዱ አልጋዬ ላይ ወደቀ፤ ሌላው በማስተዋል አንሶላ ላይ። አንሶላውን ገፍፌ ካስኩን አቀፍሁት። ከባድ ነው፤ ሽቦው ከወንበሩ እግር ጋር ተጠላልፏል። እዚያ ቆሜ ነው ነገሩ የታየኝ። ይህን አንድ ዕቃ ጎትቼ እስካወጣ ሦስቱም ክፍል ያልቃል፤ ከዚያ ንፋሱ እሳቱን ወደ ታችኛው ግቢ ይወስደዋል። እዚያ ደግሞ አራስ ተኝታለች። ሰው ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው። በዚህ ሰፈር ብዙ ሰው የሚመጣው በአንድ ድምፅ ብቻ ነው።

ካስኩን ለቀቅሁት። መልቀቁ እንዴት እንደከበደኝ፣ ለልጅ ዕቃ ተርቦ የገዛ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዕቃ ቤቱን ስከፍት ጭሱ ፊቴን መታኝ። ጥሩምባው ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። መንጭቄ መንገድ ወጣሁና አፌ ላይ ደገንሁት። መጀመሪያ ምራቅ ብቻ ወጣ። ቀጥሎ እንደ ፍየል ጮኸ። ከዚያ ከየት እንደመጣ የማላውቀው ትንፋሽ ከሆዴ ተነሣና ያ ረዥም፣ ሆድ የሚያባባ ድምፅ ሰፈሩን ሞላው።

ያየሁትን ልንገራችሁ። እሳት ብዬ ስጮህ አንድ በር ያልተከፈተበት ሰፈር፣ በጥሩምባው በሩ ሁሉ ተከፈተ። ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ አንድ እግር ጫማ ብቻ ያደረጉ ወንዶች፣ ፊቱ ላይ የመላጫ አረፋ እንዳለ የመጣ ሰው፤ ሁሉም «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያለ ይሮጣል። ዘርፌ የምትባል የዕድሜ እኩያዬ ጎረቤት ደረቷን እየደቃች፣ አልቅሳ ደረሰች።

«ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! ማን ነው የሞተው፣ ስንዱ?»

«ማንም አልሞተ! ቤት ነው የሚቃጠል!»

«ታዲያ ምነው አስለቀስሽኝ?»

«እንባውንም አምጪው፣ ውሃ ነው!»

ከታች አለሙ እየሮጠ መጣ፤ ዓይኑ ጥሩምባው ላይ ነው። «ጥሩምባዬን ማን ነካው? ማን ነው የደፈረ?»

«እኔ ነኝ! ቁጣህን ለነገ አሳድረው፤ አሁን ባልዲ ተቀበል!»

አለሙ አፉን ከፈተ፤ ቆርቆሮው ሲፈነዳ ሰማ፤ አፉን ዘጋና ባልዲ ተቀበለ።

እናንተ የጎንደርን ውሃ ታውቁታላችሁ። ቧንቧ የሚመጣው በተራ ነው፤ አንዳንዴም ተራው ይረሳል። በአንድ ጀሪካን ውሃ እህትማማች ይኳረፋል። እኔ ራሴ በወረፋ ከስንቱ ጋር ተጣልቻለሁ። ያን ዕለት ያ ሕዝብ በርሜሉን እያንከባለለ መጣ። ለሊጥ የያዘውን፣ ለልጅ ገላ ያስቀመጠውን፣ ለሳምንት የቆጠበውን ውሃ በሰው ቤት ላይ ደፋው። «የማን ቤት ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልሰማሁም። መስጊድ የሚሄደውም ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ባንድ ሰልፍ ቆሞ ባልዲ ይቀባበላል። ውሃው ሲያልቅ ዘርፌ ለማኅበር የጠመቀችውን ጠላ ጋን አሸክማ መጣች።

«ዘርፌ፣ ጠላውን?» አላት አንዱ።

«ሚካኤል ያውቅልኛል፤ ድፋው!»

«ኧረ አንዴ ቀምሼ…»

«ድፋው አልሁህ!»

የእሳት አደጋ ማኪናም ደረሰ። መንገዱ ስለጠበበው ከአስፋልቱ ዳር ቆመና ሠራተኞቹ ቱቦውን ተሸክመው በእግራቸው ሮጡ። እሳቱ ሦስቱን ክፍል በልቶ እዚያው ተረታ። የታችኛው ግቢ ቆርቆሮ ሞቆ ነበር፤ አልነደደም። አራሷ ልጇን አቅፋ ከበር ቆማ አየኋት።

ሁሉም ነገር ሲበርድ ሰዎቹ ባዶ በርሜላቸውን እየገፉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሙሉ በርሜል ድምፅ የለውም፤ ባዶው በድንጋይ መንገድ ላይ ሲንከባለል ይጮሃል። ያ ሁሉ በርሜል ባንድ ላይ ሲጮህ ሰማሁት። «ምን ልትጠጡ ነው እንግዲህ?» ብላቸው ይስቃሉ። ያን ጊዜ ነው ቆሜ ያለቀስሁ። ስለ ቤቱ አልነበረም። ይህን ያህል ሰው እዚህ መኖሩን አለማወቄ ነው ያስለቀሰኝ።

ማስተዋል ከሥራ ስትመጣ አልጮኸችም። አመዱን በእግሯ ገለጥ ገለጥ አድርጋ ካስኩን አገኘችው፤ ቀልጦ እንደ ተጨመቀ ሎሚ ሆኗል። አንሥታ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው።

«እምዬ፣ አንቺ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ልጄ።»

«እንግዲያ ደህና።» አመዱን ከእጇ አራገፈችና «አንድ ደላላ ሲደውልልኝ ነበር። አረብ አገር እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ዕቃውን መልሼ እስክገዛ አርጅቼ ነው። እዚያ ሁለት ዓመት ብሠራ…»

ልጄን ሞት ወሰደብኝ፤ የልጄን ልጅ ደግሞ አንድ ሽቦ ሊወስድብኝ ነው ብዬ አሰብሁ። ከሰፈሬ ልጆች ሄደው በሰላም የተመለሱ አሉ። በሣጥን የተመለሱም አሉ። «የእድሩን ስብሰባ ጠብቂ፤ እስከዚያ ለደላላው መልስ እንዳትሰጪ» አልኋት። ቃሏን ሰጠችኝ። ዘርፌ ቤት ተጠግተን ከረምን።

በማግስቱ የእድሩን ዳኛ፣ አያ ተሰማን፣ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እድራችን ለቤት ቃጠሎ እርዳታ እንደሚሰጥ አውቃለሁ።

«እርዳታው ለሞላ ነው፣ ስንዱ። ደንባችን ቤት ለተቃጠለበት አባል ነው የሚል። የተከራይ ዕቃ የሚል የለበትም» አሉኝ።

«ቤቱ ባዶ ነበር እንዴ የተቃጠለው?»

«እኔ ደንብ ነኝ የማስከብር። ክርክርሽን ለእሑድ አቆይው። የጥሩምባውም ጉዳይ አለ።»

ከስብሰባው በፊት ከኑሩ ኢንሹራንስ አንዲት ወጣት መጣች። ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ከአመዱ ውስጥ የማኪናዎቹን ብረት እየለየች ፎቶ ታነሣለች፤ ትጠይቃለች፤ ትጽፋለች። ሁሉንም አልተቀበለችለትም፤ ደንበኞች ለስፌት የሰጡት ጨርቅ ውሉ ውስጥ አልገባም አለችው። ማኪናዎቹን ግን ድርጅቱ እንደሚተካ ነገረችው። እኔ ጠጋ አልሁ።

«ልጄ፣ የኔንስ ዕቃ አታይልኝም?»

«እርስዎ አልገቡም እኮ፣ እማማ።»

«አያ ሞላ ቢገቡ ኖሮ ለኔ ይደርሰኝ ነበር?»

«አይደርስዎትም። ባለቤቱ ቢገቡ የሚሸፈነው ግድግዳውና ጣሪያው ነው። የተከራይን ዕቃ ተከራዩ ራሱ ነው የሚያስገባው።»

«ይህንስ ገንዘብ የሚሰጠው ማን ነው? መንግሥት ነው?»

«አይደለም። እንደ ኑሩ የከፈሉ ሰዎች ገንዘብ ነው። አይከል ከተማ ያለ ነጋዴ ይኖርበታል፣ ሐረር ያለ ይኖርበታል። ዘንድሮ እሳት ያልደረሰባቸው ሁሉ።»

«ኑሩን ያውቁታል?»

«የት ያውቁታል!»

«እስላም ይሁን ክርስቲያን አያውቁም?»

«አያውቁም።»

«ጥሩምባም አልሰሙ?»

ልጅቱ የምን ጥሩምባ እንደሆነ አልገባትም፤ ኑሩ ነገራት። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ባልዲ ይዞ የመጣውን ሕዝብ አየሁት፤ ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ከሱ ጋር ተጣልቻለሁ፣ ታርቄያለሁ። አይከል ያለው ሰውዬ ግን ኑሩን በዓይኑ አላየውም። ሳያየው ባልዲውን አቀብሎታል።

«ይህማ እድር ነው!» አልኋት። «የማይተዋወቁ ሰዎች እድር!»

«ልክ ነዎት፣ እማማ። ለቀብር ግን አንመጣም» አለችና ሳቀች።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ተሰበሰብን። አያ ተሰማ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«የመጀመሪያው ጉዳይ፣ ቤቱ ለተቃጠለበት አባላችን ለሞላ በደንቡ መሠረት እርዳታ ይሰጣል። ሁለተኛው፣ ያለ ሬሳ ጥሩምባ የነፋችው ስንዱ ትቀጣለች።»

«ሸጋ አርጋ ነፋችው እኮ! አለሙ እንደሷ ነፍቶት አያውቅ!» አለ ከኋላ አንዱ። ሳቅ ሆነ። አለሙ ብቻ አልሳቀም።

ተነሣሁ። «ቅጣቱን እከፍላለሁ» አልሁ።

አያ ተሰማ ክርክር ጠብቀው ነበርና ደነገጡ። «ትከፍያለሽ?»

«ደንብ ጥሻለሁ፣ እከፍላለሁ። ነገም ቤት ቢቃጠል እነፋዋለሁ፣ ያኔም እከፍላለሁ። አሁን ስለ መጀመሪያው ጉዳይ ልጠይቅ። እኔ በተወለድሁበት አገር ቤት ሲቃጠል አንዱ ምሰሶ፣ አንዱ ገመድ፣ አንዱ አንድ ሸክም ሣር ይዞ ይመጣል፤ ሴቱም እህል ይዛ ትመጣለች። እዚያ ቤቱም፣ ቡሃቃው ውስጥ ያለው ሊጥም የአንድ ሰው ነው፤ ተከራይ የሚባል የለም። ይህን ደንብ የጻፉት አባቶቻችን ከዚያው የመጡ ናቸው። ቤት ሲሉ ውስጡንም ማለታቸው ነበር።»

«ያሉትን እንጂ ያሰቡትን አናነብም» አሉ አያ ተሰማ። «ደንቡ ቤት ነው የሚል። የተከራይ ዕቃ አይመለከተንም።»

«መልካም። ድንኳኑ ተቃጥሏል?»

«ተቃጥሏል።»

«አግዳሚውስ? ድስቱስ?»

«አይተሽው የለም እንዴ!»

«የማን ነበር?»

«የእድሩ ነዋ!»

«ቤቱስ የማን ነበር?»

መልሳቸውን ሳልጠብቅ ወደ አያ ሞላ ዞርሁ። «አያ ሞላ፣ እድሩ ኪራይ ይከፍልዎታል?»

«ይከፍለኛል» አሉ ቀስ ብለው።

«እንግዲያ እድሩም እንደኔ ተከራይ ነው። የተከራይ ዕቃ አይመለከተንም ካላችሁ፣ እድሩ የራሱ ድንኳን አይመለከተውም። ነገ ሰው ሲሞት ለቀስተኛውን ፀሐይ ላይ አስቀምጡትና ደንቡን አንብቡለት።»

ያን ጊዜ ነው ሰው ሁሉ ፀሐይ ላይ መቀመጡን ያስተዋለው። ስንሰበሰብ የሚተከለው ድንኳን የለም። በእጃቸው ግንባራቸውን ጋርደው እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ሁካታው ተነሣ፤ አንዱ ደንቡ ይሻሻል ይላል፣ አንዱ ይህ ከተጀመረ የሁሉ ተከራይ ዕቃ ሊመጣብን ነው ይላል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ እስክትቆም ተከራከርን። በመጨረሻ የተነሡት አያ ሞላ ናቸው።

«የኔ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ጭቃ አልጠፋም» አሉ። «ስንዱ የልጅቱን ዕቃ ጥላ ነው ጥሩምባውን ያወጣችው። እሱን ባትነፋ እኔ የምተኛበትም ነዶ ነበር። እርዳታውን ለሁለት ክፈሉት፤ እኩሌታው ለቤቱ፣ እኩሌታው ዕቃቸው ለነደደ ሰዎች። ለእድሩ ድንኳን ሁላችንም እናዋጣ።»

አያ ተሰማ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና «የሚቃወም አለ?» አሉ። ማጉረምረም ነበር፤ እጅ ግን አልወጣም። ደንቡ ላይ «ቤት ወይም ዕቃ» ተብሎ ተጻፈ። ቅጣቴንም እዚያው ከፈልሁ። አንዳንዱ ይቅርላት አለ፤ እኔ እምቢ አልሁ። ቅጣቴን ሳልከፍል ነገ ደንብ አክብሩ የምለው በምን አፌ ነው?

ማስተዋል ከሴቶቹ መካከል ነበረች። ከስብሰባው ስንወጣ ስልኳ ጮኸ፤ ደላላው ነው። አየሁት፤ አየችኝ። አነሣችውና «አልሄድም» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። እውነቱን ለመናገር የደረሳት እርዳታ የጠፋውን ሁሉ አልተካም፤ ወንበርና መስታወት ገዛ፣ ካስኩ ቀረ። ግን በባዶ እጅና በግማሽ እጅ መካከል ያለው ርቀት፣ ከጎንደር አረብ አገር ያህል ነው። በግማሽ እጇ ጀመረች፤ ካስኩን ሠርታ ባገኘችው ገዛችው።

ለኑሩም፣ ቢዘገይም፣ ማኪናዎቹ ተተኩ። አያ ሞላ ሄደው በእጃቸው ነካኳቸው፤ የአንዱን መዘውር አዙረው «በእውነት የማታውቀው ሰው ነው የሰጠህ?» አሉት። ቤቱን መልሰው ሲሠሩ ለግድግዳው ኢንሹራንስ ገቡ። እድሩም ለአዲሱ ድንኳን ገባ። ማስተዋልና እኔም አዲስ በተከራየነው ቤት የመጀመሪያ ምስማር ሳንመታ ኑሩን ይዘን ወደ ኢንሹራንሱ ሄድን፤ ውሉን ቃል በቃል አስነበብሁ፤ የሚሸፍነውንም የማይሸፍነውንም ጠየቅሁ። ጸሐፊው ሰለቸው። ይሰልቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ ተከራዮች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቤቱ የኔ አይደለም፣ ምን አገባኝ አትበሉ። ግድግዳው የሰው ነው፤ ውስጡ ያለው ኑሯችሁ ግን የእናንተ ነው። አከራይ ደግ ቢሆን እንኳ የእናንተን አልጋ አያስብም። ሟርት ነው የሚሉትንም አትስሙ። እድር የገባ ሁሉ በሞቱ አሟረተ እንዴ? ውሉን ግን አስነብቡ፤ ያልተጻፈውን ማንም አይከፍላችሁም።

በየዓመቱ እከፍላለሁ። ዓመቱ በሰላም ሲያልፍ ዘርፌ «ይኸው አልተቃጠለ፤ ገንዘብሽ ውሃ በላው» ትለኛለች። እሷ እንደዚያ ትበል እንጂ፣ እኔ የምተኛው አንድ ነገር አስቤ ነው፦ አይከል ይሁን ሐረር፣ ስሟን የማላውቅ ሴት ዛሬ አመዷ መካከል ቆማለች፤ የኔ ባልዲ እጇ ገብቷል።